ስምንተኛው ቀዳዳ

ሸምሲያ ከሰቆጣ በወጣች ቁጥር የማር ፋብሪካው ይቆማል። እሷ ካለች ማሞቂያው ይሞቃል፣ ማጣሪያው ያጣራል፣ ነጩ የዋግ ማር በጠርሙስ ተሞልቶና ተከድኖ፣ ወረቀት ተለጥፎበት ይወጣል። ሻንጣዋን ይዛ የወልድያን አውቶቡስ የተሳፈረች ዕለት ግን መስመሩ ጠዋት ትንሽ ይንቀሳቀስና ድርቅ ይላል። ዋናውን መብራት አጥፍተው ቢያበሩት እንደገና ድርቅ ነው። ከዚያ ስልክ ይደወልላታል፣ ትመለሳለች፣ እሷም አጥፍታ ታበራዋለች፤ ይሠራል።

«ማሽኑ ለምዶሻል» ትላታለች የመሙያ ማሽኑ ሠራተኛ እታገኝ። «የጥገት ላም ጠባይ ነው ያለው። ሌላ ሰው ሲነካው ወተቱን ይይዛል።»

ሸምሲያ መጀመሪያ ላይ ትስቅ ነበር። እየቆየ ሳቁ ቀረ።

የሰቆጣ ልጅ ናት። አባቷ ሰላሕ በገበያው አጠገብ ጨርቅ ይሸጡ ነበር፤ ከሱቃቸው ጀርባ ወፍጮ ቤት ነበረ። በልጅነቷ «ቀበቶው ለምን ተጣሞ ታሰረ? ቀጥ ቢል አይዞርም?» እያለች ባለወፍጮውን ሰውዬ ታደክመው ነበር። ኮምቦልቻ ሄዳ ኤሌክትሪክ ተማረች። ከሚሌኒየሙ ማግስት ማር ፋብሪካው ሲከፈት ተቀጠረች፤ ማሽኖቹ እርስ በርስ የሚነጋገሩበትን ኔትወርክ እንድትይዝ አዲስ አበባ ተልካ ሠለጠነች። ለሥልጠናው የፈረመችው የአገልግሎት ግዴታ ካለቀ ቆይቷል። ባሏ ሙኽታር ሱቁን ወልድያ ካዛወረ ወዲህ ልጃቸው ሪሃና እዚያው ከአባቷና ከአያቷ ጋር ናት። ሸምሲያ ለጥቂት ቀን ፈቃድ ስትሄድ ልጅቱ መጀመሪያ ትሸሻታለች፣ ልትለምዳት ስትል ስልኩ ይጮሃል።

ወልድያ ያለ አንድ የዱቄት ፋብሪካ ሊቀጥራት ፈልጓል። የጠየቃት አንድ ወረቀት ብቻ ነው፤ ከዚህኛው ፋብሪካ መልቀቂያ። መልቀቂያውን የሚፈርሙት ሥራ አስኪያጁ አቶ ወንዳወቅ ናቸው። እሳቸውም ቃላቸውን ሰጥተዋል፦ «አንቺ በሌለሽበት አንድ ሳምንት ፋብሪካው ሳይቆም ይሥራ። በማግስቱ እፈርማለሁ።»

አንድ ሳምንት ቀርቶ አንድ ጠዋት አልሠራም።

እዚህ ላይ ማሽኖቹ እንዴት እንደሚነጋገሩ ማወቅ ያስፈልጋል፤ ደግሞም ደስ የሚል ነገር ነው። እያንዳንዱ ማሽን ጎኑ ላይ ትንሽ ኮምፒውተር አለው። ማሞቂያው «ማሩ ደርሷል» ይላል። ማጣሪያው «ጋኑ ሞልቷል» ይላል። መሙያው «ጠርሙስ አቅርቡልኝ» ይላል። ወሬው ሁሉ በኬብል ተጉዞ በኤሌክትሪክ ክፍሉ ግድግዳ ላይ ወደ ተሰቀለ አንድ የብረት ሳጥን ይመጣል። ስሙ ስዊች ነው፤ ፊቱ ላይ ስምንት ቀዳዳዎች ተደርድረውበታል። በአራቱ የማሽኖቹ ኬብሎች ገብተዋል፣ አምስተኛው የሸምሲያ ላፕቶፕ ነው፣ የቀሩት ሦስቱ ባዶ ናቸው። ስዊቹ ብልህ ፖስተኛ ነው። የመልእክቱን አድራሻ ያይና ለባለቤቱ ብቻ ያደርሳል። አድራሻ የሌለው፣ «ሁላችሁም አላችሁ?» የሚል ጥሪ ሲመጣለት ግን በሁሉም ቀዳዳ ይበትነዋል። ማሽኖቹ ደግሞ ፈሪዎች ናቸው፤ መፍራታቸውም ደግ ነው። መሙያው ከማጣሪያው ለዓይን ጥቅሻ ያህል እንኳ ወሬ ካጣ፣ የጋለ ማር ሰው ላይ እንዳይፈስ ብሎ በራሱ ይቆማል።

ሸምሲያ ይህን ሁሉ ታውቃለች። የማታውቀው ወሬው ለምን እሷ ስትሄድ ብቻ እንደሚቋረጥ ነው። ስትመለስ የምታገኘው ጤነኛ መስመር ነው። ሐኪም ቤት ሲደርሱ እንደሚለቅ የጥርስ ሕመም ሆነባት። በሌለችበት ጊዜ ላፕቶፑን እዚያው ሰክታ በመስመሩ የሚያልፈውን ወሬ እንዲመዘግብ ልትተወው ጠየቀች። ዕቃ ግምጃ ቤቱ አይሆንም አለ፤ በስሟ የወጣ ንብረት ስለሆነ ፈቃድ ስትወጣ ግምጃ ቤት ገብቶ ይቆለፍበታል፣ ስትመለስ ትረከበዋለች። ስለዚህ በሄደች ቁጥር ኬብሉን ከላፕቶፑ ትነቅላለች፣ ላፕቶፑን ታስረክባለች፣ ትሳፈራለች።

የመጨረሻው ጊዜ ተመልሳ መስመሩን ካስነሳች በኋላ አቶ ወንዳወቅ ቢሮ አስጠሯት። በሩን ራሳቸው ዘጉት።

«ሸምሲያ፣ በግልጽ እንነጋገር። ስትሄጂ በሚስጥር ቁጥር ትቆልፊዋለሽ ይባላል።»

«ማነው የሚለው?»

«እሱን ተይው። ትቆልፊዋለሽ?»

«ኧረ በአላህ፣ አቶ ወንዳወቅ! ልጄ ወልድያ፣ እኔ እዚህ። መቆለፉ ምን ይጠቅመኛል?»

«ደመወዝ እንዲጨመርልሽ ይሆናል። እኔ ምን አውቄ?» እስክሪብቷቸውን አገላበጡ። «እኔ ማሽን አላውቅም። የማውቀው ይህ ነገር የሰው እጅ እንዳለበት ነው። የማንም እጅ ይሁን፣ ካገኘሁት አሰናብተዋለሁ። አንቺም ብትሆኚ ፍርድ ቤት እንጂ መልቀቂያ አታገኚም።»

ከቢሮው ወጣች። ካልሠራ አትለቀቅም። ከሄደች አይሠራም። አሁን ደግሞ ስሟም አብሮ ታሰረ። በኤሌክትሪክ ክፍሉ ወንበር ላይ ተቀምጣ ስዊቹን አፍጥጣ አየችው። መብራቶቹ ብልጭ ድርግም ይላሉ፤ አረንጓዴ፣ ጤነኛ።

ተስፋ በቆረጠች ጊዜ ወደ ሀሁው መመለስ ልማዷ ነው። ስዊቹ ምን ምን ያውቃል? መልእክት ያሳልፋል። ያሳለፈውን ይቆጥራል! በየቀዳዳው ስንት መልእክት እንደገባና እንደወጣ ቁጥሩን ሆዱ ውስጥ ይይዛል፤ በላፕቶፕ ገብተው ሊያነቡት ይችላሉ። ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን አላነበበችውም? ምክንያቱም ቁጥሩ የሚኖረው መብራት እስካለ ድረስ ብቻ ነው። መስመሩ ሲቆም ሁሉም ሰው የሚያደርገው የመጀመሪያ ነገር ደግሞ ዋናውን መብራት አጥፍቶ ማብራት ነው። እሷም ጭምር። በየጊዜው ምስክሩን በገዛ እጃቸው ዝም ያሰኙት ነበር።

ከወንበሯ ተነሥታ ክፍሉ ውስጥ ተመላለሰች። ደስታዋን የምትነግረው ሰው አጥታ ወደ አዳራሹ ወጣችና እታገኝን በክርኗ ነካቻት።

«እቱ፣ በሚቀጥለው ስቆም ማንም መብራት እንዳይነካ።»

«አንቺ ነሽ ወይስ ማሽኑ ነው የሚቆመው?»

«ያው ሆነናል።»

አቶ ወንዳወቅን ማሳመኑ ከባድ ነበር። የቆመ ፋብሪካ እሷ እስክትደርስ መብራቱ ሳይጠፋ ይደር ማለት ለእሳቸው እብደት ነው። በመጨረሻ «ለመጨረሻ ጊዜ» ብለው ተስማሙ።

ሸምሲያም ፈቃድ ወሰደች። ላፕቶፑን አስረከበች፣ ሳይነጋ ተሳፈረች፣ ከሰዓት በኋላ ወልድያ ገባች። ሪሃና ከአያቷ ቀሚስ ጀርባ ሆና አየቻት። ሙኽታር ገና ሻንጣዋን ሲቀበላት ስልኩ ጮኸ።

«ቆሟል» አለች እታገኝ። «ጠዋት ነው የቆመው። መብራቱን አልነካንም። አቶ ወንዳወቅ አለቃቅሰው ነው የተዉት።»

ሙኽታር ሻንጣውን እንደያዘ ቆመ። «ልመልሰው?»

«ተወው፤ እዚያው በሩ ላይ ይደር» አለች። ያን ሌሊት ልጅቷ አጠገቧ ለመተኛት እሺ አለች። ጠዋት ስትሄድ ግን አላለቀሰችም። ሸምሲያን የጎዳት ይኸው ነበር፤ ልጅቷ መሄዷን ለምዳዋለች።

የመልሱ መንገድ አላልቅ አላት። የሰቆጣ መብራት መቼ እንደሚሄድ ማንም አያውቅም። ለአፍታ ብልጭ ቢል ቁጥሮቹ በነው ይጠፋሉ፤ አቶ ወንዳወቅም ሌላ ጊዜ አይሰጧትም። አውቶቡሱ ዳገቱን እያቃሰተ ሲወጣ የሩቅ የመብራት ምሰሶዎችን ባየች ቁጥር «ያ ረቢ፣ ዛሬን ብቻ» ትላለች። ጎኗ የተቀመጡት ሴትዮ ዞር ብለው «የታመመ ሰው አለሽ እንዴ?» አሏት።

«አዎ» አለች።

ፋብሪካው በር ላይ የጠበቃት አያ ምሳው ነው። እዚሁ ዋግ ያለው የዝቋላ ገበሬ ነበር፤ ዝናቡ ደጋግሞ ሲከዳው በሬዎቹን ሸጦ ከተማ ገባ። እዚህ ጽዳትና ጥበቃ ነው። ሠራተኛው ከወጣ በኋላ ኤሌክትሪክ ክፍሉን የሚወለውለው እሱ ነው፤ አቧራ ለማሽን ጠላት መሆኑን ነግራው፣ ከዚያ ወዲህ ያንን ክፍል እንደ መቅደስ ይይዘዋል።

«መጣሽ ልጄ? መብራቱ አልጠፋም። እኔው ቁጭ ብዬ ስጠብቀው አደርኩ።»

«አንቱ አያ ምሳው! ዕድሜ ይስጥልኝ።»

ላፕቶፑን ተረክባ ገባች። እንደ ወትሮው ሁሉ ጠረጴዛው ተወልውሎ፣ የኬብሉ ጫፍ በንጹሕ ጨርቅ ላይ ተቀምጦ ጠበቃት። ሰካችው። የቁጥሩን ገጽ ከፈተች።

አንደኛ ቀዳዳ፣ ማሞቂያው፤ የገባው ጥቂት፣ የወጣው እጅግ ብዙ። ሁለተኛ፣ ሦስተኛ፣ አራተኛ እንዲሁ። ማሽኖቹ ብዙም አላወሩም፤ ከሌላ ቦታ በመጣ ወሬ ግን ተጥለቅልቀዋል። ከየት? ወደ ታች ወረደች። በአምስተኛው የገባው ቁጥር በላፕቶፑ ማያ ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ የተዘረጋ ነበር። የላፕቶፗ ቀዳዳ ነው፤ ላፕቶፑ ግን ግምጃ ቤት ተቆልፎበት ነበር። ስድስተኛ፣ ባዶ፣ ዜሮ። ሰባተኛ፣ ዜሮ። ስምንተኛ፣ ባዶ...

ስምንተኛው ዜሮ አልነበረም። ፋብሪካው ከተከፈተ ጀምሮ ምንም ገብቶበት የማያውቀው ቀዳዳ የአምስተኛውን ያህል ይዟል። ከአምስት የወጣው ወደ ስምንት ገብቷል፤ ከስምንት የወጣው ወደ አምስት ገብቷል።

ዓይኗ ከማያው ተነሥቶ ወደ ኬብሉ ሄደ። ከአምስተኛው ቀዳዳ የተነሣው ኬብል ሌላው ጫፉ ላፕቶፕ ውስጥ ነው። ላፕቶፕ ከሌለስ? ነቀለችው፣ ወደ ስዊቹ አስጠጋችው። ስምንተኛው ቀዳዳ ጋ ልክ ደረሰ።

የዋግ ሰው ከጋራ ወደ ጋራ መጣራት ያውቃል። አንዱ «ፍየሌን ያያችሁ!» ብሎ ሲጣራ፣ የሰማው ለሚቀጥለው ጋራ ያቀብልለታል። አሁን ገደሉ ድምፁን ሲመልሰው ሰዎቹ የገደል ማሚቶውን እንደ አዲስ ጥሪ ቆጥረው እንደገና ቢያቀብሉትስ? ያም ተመልሶ ቢመጣ፣ እንደገና ቢያቀብሉት? በአንዲት ፍየል አገሩ ሁሉ ይጮሃል፤ አጠገብህ የቆመው ጎረቤትህ «እሳት!» ቢልህ አትሰማውም። ሁለት ጫፉ አንድ ስዊች ላይ የተሰካ ኬብል እንዲህ ያለ ገደል ነው። «ሁላችሁም አላችሁ?» የሚለው ጥሪ በአንዱ ይወጣል፣ በሌላው አዲስ መስሎ ይገባል፣ እንደገና ለሁሉም ይበተናል። መስመሩ በአንድ ጥሪ ጩኸት ሲሞላ የማጣሪያው ትንሽ ወሬ መሙያው ጋ አትደርስም። መሙያው ይፈራል፤ ይቆማል። አጥፍተህ ብታበራውም ገደሉ እዚያው ነው።

ጮክ ብላ ሳቀች። አያ ምሳው ሳቋን ሰምቶ መጥረጊያውን እንደያዘ ብቅ አለ።

«አያ ምሳው፣ ይህንን ጫፍ እዚህ ቀዳዳ የሚከተው ማነው?»

«እኔ ነኛ» አለ፣ ሳያቅማማ። «ሌላ ማን ይከተዋል?»

«ለምን?»

«እንዴት ለምን? አንቺ ስትሄጂ መሬት ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል። እኔ ውሃ ይዤ ነው የምወለውለው።» በእጁ የሚጠቀልል አስመሰለ። «ምራን ታውቂያለሽ፣ ቀንበሩን ከሞፈሩ የምናስርበት ጠፍር? አርሰሽ ስትፈቺ ጠቅልለሽ ጫፉን ታስገቢዋለሽ። የተንጠለጠለ እንደሆነ ውሻ ይበላዋል፣ ፀሐይ ያደርቀዋል። ይሄ ደግሞ ቀዳዳም አለው፣ ቀጭ ብሎ ይገባል። ስትመጪ ደግሞ አውጥቼ፣ ጠርጌ፣ አዘጋጅልሻለሁ። ምነው፣ አጠፋሁ?»

ሳቋ ከፊቷ ላይ ጠፋ። የአቶ ወንዳወቅ ቃል ትዝ አላት። የማንም እጅ ይሁን። የታሰረችበትን ቋጠሮ አግኝታዋለች፤ ብትፈታው ግን ገመዱ የሚጠመጠመው በአያ ምሳው አንገት ላይ ነው። ዝቋላ ቢመለስ የሚጠምደው በሬ የለውም።

«አላጠፉም» አለችው። «ጠርገው ይጨርሱ።»

አቶ ወንዳወቅ ቢሮ ስትገባ ቆመው ነበር። «እህስ? ተገኘ?»

«ተገኝቷል። ማስተካከልም ይቻላል።»

«ማነው?»

«አቶ ወንዳወቅ፣ ምንድነው ብለው ቢጠይቁኝ...»

«ማነው ነው ያልኩሽ! ስሙን ካልሰጠሽኝ ያጠፋሽውም ያገኘሽውም አንቺ ነሽ ማለት ነው።»

አቶ ወንዳወቅ ዛሬ ክራባት ያስራሉ እንጂ የሰሃላ ገበሬ ልጅ ናቸው፤ ትምህርት ቤት እስኪገቡ ከአባታቸው ጋር ማረሳቸውን ራሳቸው ደጋግመው ያወራሉ። እጅ የለመደውን አይረሳም ብላ አሰበች። እንደሚሆን ግን እርግጠኛ አልነበረችም።

«መስመሩን ላስነሣና ክፍሉ ድረስ ይምጡ። በዓይንዎ ያያሉ» አለች።

መስመሩን አስነሣች። ከአዳራሹ የጠርሙስ ድምፅ መሰማት ጀመረ። ላፕቶፑን ነቅላ በብብቷ ያዘች፣ የኬብሉን ጫፍ መሬት ላይ ተወችው፤ አያ ምሳውንም «ወለሉን እንደ ልማድዎ ይወልውሉልኝ» አለችው። አቶ ወንዳወቅ ሲገቡ የጨርቁ ውሃ በሲሚንቶው ላይ እየተንሸራተተ ወደ ግድግዳው ይሄድ ነበር።

«እሺ፣ የታለ?» አሉ።

ውሃው ወደ ኬብሉ ቀረበ። አቶ ወንዳወቅ አዩት፤ ሱሪያቸውን ሰብሰብ አድርገው አጎነበሱ። «ምን ዓይነት ዝርክርክ ነው ይሄ? ውሃ ሊነካው እኮ ነው!» ጫፉን አነሡ፣ በእጃቸው መዳፍ ጠረጉት፣ ቦታ ፈለጉለት። ዳር ያለው ስምንተኛው ቀዳዳ ባዶውን ቁልጭ ብሎ ይታያል። ቀጭ።

አንድ ሰው ትንፋሽ እስኪወስድ ያህል ምንም አልሆነም። ከዚያ የስዊቹ መብራቶች ሁሉም በአንድ ላይ መርገብገብ ጀመሩ፤ የጠርሙሱ ድምፅም ተቋረጠ።

«ቆመ!» ብላ ጮኸች እታገኝ ከአዳራሹ። «ደግሞ ቆመ! ሸምሲያ ሄደች እንዴ?»

አቶ ወንዳወቅ እጃቸውን ከኬብሉ ላይ እንደ ተቃጠለ ሰው ሰበሰቡ። እጃቸውን አዩ፣ ኬብሉን አዩ፣ ከዚያ ጨርቁን እንደያዘ የቆመውን አያ ምሳውን አዩ። ሽማግሌው አሁን ገብቶታል፤ ፊቱ አመድ መስሏል።

«እጁ ያለበትን ሰው አሰናብታለሁ ብለው ነበር» አለች ሸምሲያ በቀስታ። «ስሙን ይጠይቁኛል?»

አቶ ወንዳወቅ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ምሳው፣ ውሃ አታብዛ» ብለው ወጡ። አዳራሹ ጋ ሲደርሱ ግን ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ ታየ፤ እየሳቁ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ትንሽ ነው። ስዊቹ እንዲህ ያለ ዙር ሲገጥመው አንዱን ጫፍ በራሱ የሚደፍንበት ማስተካከያ አለው፤ ከተሠራበት አገር ሲመጣ ሳይከፈት ነው የመጣው። ከፈተችው፣ ባዶዎቹንም ቀዳዳዎች ዘጋቻቸው። ከዚያ አያ ምሳውን ጠርታ ኬብሉን ራሱ እንዲሰካ አደረገችው። እያመነታ ሰካው። ጠርሙሶቹ መሄዳቸውን ቀጠሉ።

ወልድያ ሄደች። አንድ ሳምንት ስልኩ አልጮኸም። ሪሃና ከመሸሽ ወደ መጠጋት፣ ከመጠጋት ወደ ማኩረፍ ደረሰች፤ ማኩረፍ የዘመድ ወግ ነው ብላ ሸምሲያ ደስ አላት። ተመልሳ ቢሮ ስትገባ መልቀቂያው ተተይቦ ጠረጴዛው ላይ ነበር። አቶ ወንዳወቅ ዓይኗ እያየ ፈረሙበት። ቀኑን ግን አልሞሉትም።

«ቃሌን ጠብቄያለሁ» አሉ። «ግን እስቲ ፍረጅኝ። ይህን ነገር ያገኘሽው አንቺ ነሽ። ነገ ሌላ ቢመጣ ማን ያገኝልኛል? ሰው ተኪ፤ ያኔ ቀኑን እሞላዋለሁ።»

«ማንን ልተካ?»

«የፈለግሽውን።»

ወረቀቱን መሳቢያ ውስጥ ከተው ቆለፉት።

ከሰዓት በኋላ እታገኝን ላፕቶፑ ፊት አስቀመጠቻት። ስለ ፖስተኛው፣ ስለ ገደሉ፣ ስለ ቁጥሮቹ ነገረቻት። እታገኝ መጀመሪያ ጣቷን በሽርጧ ደጋግማ ጠረገች፣ ኋላ ግን አገጯን ይዛ ወደ ማያው ተጠጋች። ሙኽታር ደወለ።

«ፈረሙ?»

«ፈርመዋል።»

«አልሐምዱሊላህ! መቼ ነው ታዲያ የምትመጪው?»

«እታገኝ ሥራውን ስትችል።»

«መቼ ትችላለች?»

ሸምሲያ ዞር አለች። እታገኝ ጣቷን ማያው ላይ ተክላ ነበር።

«አንቺ፣ የሦስተኛው ቀዳዳ ለምን ከሌሎቹ ቀስ ብሎ ይቆጥራል? መሙያው እኮ አሁን እየሮጠ ነው። የሚያወራው ጠፍቶት ነው ወይስ የሚሰማው?»

ሸምሲያ ይህን ጠይቃ አታውቅም። ስልኩን ከጆሮዋ ሳታነሣ አጎንብሳ አየች። እውነትም ቀስ ይላል።

«ሙኽታር፣ ቆይ መልሼ እደውልልሃለሁ» አለች፣ ሌላውንም ወንበር ሳበች።